ዋስ ይዤ የሄድኩ ዕለት

ሥራ የሌለው ሰው መንገድ ይመርጣል። ሎስ አንጀለስ በገባሁ በዓመቱ ፌርፋክስ አቬኑን ቀና ብዬ መሄድ አቅቶኝ ነበር። ያኔ እዚያ የኛ ሰው ምግብ ቤት ገና አንድ ሁለት ቢሆን ነው፤ ከደጃፉ የማይጠፉት ሁሉ ግን ባዩኝ ቁጥር «ሥራ አገኘሽ?» ይሉኛል። ክፋት አስበው አይደለም፤ እንደ ሰላምታ ነው የሚሉት። የሰው ፊት ይገርፋል ሲባል የሰማሁትን ግን ያኔ ነው ያመንኩት። በጓሮ በኩል ዞሬ መሄድ ለመድኩ።

የምኖረው ከሟቹ አባቴ ጓደኛ ቤት ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው ታክሲ ይነዳሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ ሎንግ ቢች አንድ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ይሠራሉ። ሁለቱም ወገባቸውን ይዘው ሲገቡ እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ይደርሱብኛል። ቤቱን ጠርጌ፣ ወጥ ሠርቼ ብጠብቃቸውም እጄን የማደርግበት ይጠፋኛል። ገበታ ላይ ሁለት ሦስቴ ጎርሼ ጠገብኩ እላለሁ። እትዬ ነገሩ ስለሚገባቸው ጉርሻ ያበዙብኛል፤ ጉርሻው ደግሞ እንባዬን ያመጣዋል። ሴትየዋ ምን ያድርጉ?

አገር ቤት ሳለሁ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። እዚህ ግን ሃውቶርን ካለው ፋብሪካ ጀምሮ ያላንኳኳሁት በር የለም። ሁሉም «እንደውልልሻለን» ይሉኛል። ስልኩ እንዳይያዝብኝ ብዬ እትዬን ከጓደኞቻቸው ጋር እንኳ እንደ ልባቸው አላስወራቸው አልኩ። ጋሼ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ያጽናኑኛል፤ የኔስ እንቁላል ሳይበላሽ አልቀረም እላለሁ በሆዴ። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ከሳቸው ቀድሜ እነሳና ለባብሼ እወጣለሁ። ተስፋ አይምሰላችሁ የሚያስነሳኝ። ታክሲ ሊነዱ የሚወጡ ሽማግሌ ተኝቼ እንዳያዩኝ ነው። ሰው በሀፍረትም ይነሳል።

አንድ ቀን ግሌንዴል ካለ ትልቅ ሱቅ ለገንዘብ ክፍሉ ሰው እንደሚፈልጉና መጥቼ እንድነጋገር ደወሉልኝ። ለጋሼ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ከበድ አለ።

«እስካሁን ለምን እንደሚመልሱሽ አሁን ገባኝ» አሉ። «ዋስ ሳትይዢ ነዋ የምትሄጂው። ብር የሚያስቆጥር ሰው ከጀርባሽ ማን እንዳለ ሳያውቅ ይቀጥርሻል? እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

አገር ቤት ቢሆን እውነታቸውን ነው፤ ባንኩ የቀጠረኝ አጎቴ ቀርቦ ዋስ ከሆነኝ በኋላ ነው። እዚህ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ልከለክላቸው ፈለግኩ። ከዚያ ደግሞ የኔ ማወቅ እስካሁን የት አደረሰኝ ብዬ አሰብኩና እሺ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲያቸውን አጥበው፣ ለለቅሶና ለሠርግ የሚለብሱትን ጥቁር ሱፍ ለብሰው ጠበቁኝ። የቀን ገቢያቸውን ትተው መሆኑን አውቃለሁ። ፊት ከጎናቸው አስቀመጡኝ፤ መንገዱን ሙሉ አባቴ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ፣ የኔንም ጨዋነት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚያስረዱ ሲለማመዱ ሄዱ። አንዳንዱ ቃል ሲጠፋቸው እኔን ይጠይቁኛል። የገዛ ምስጋናዬን ለመተርጎም አንደበቴ እየተያያዘ ነገርኳቸው።

ቢሮው ደጃፍ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። ሁሉም ብቻቸውን ናቸው። አባቷን ያስከተለች የለች፣ አጎቷን ያስከተለች የለች። በሩ አጠገብ ያለችው ጸሐፊ ስሜን ከተቀበለች በኋላ ጋሼን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸውና ምኔ እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ሴቶቹም ዞር አሉ። ምን ብዬ ላስረዳት? ፊቴ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሼ ፊቴን አዩት። አንድ አፍታ ብቻ ነው ያዩኝ።

«ኖ፣ ኖ» አሏት በእንግሊዝኛ፤ «እኔ ታክሲ ነኝ። እሷን ላደርስ ነው የመጣሁት።» ከዚያ ወደኔ ዞረው በአማርኛ «አይዞሽ፣ ግቢ። ታች ነኝ» አሉኝና የኮታቸውን ቁልፍ እየፈቱ ወጡ። እኔ ወረፋዬን ያዝኩ።

ውስጥ ቁጥር አስደመሩኝ፣ ብር አስቆጠሩኝ። እጄ አልረሳውም። የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሲያልቅ የክፍሉ ኃላፊ ደግ ሰው ኖሮ እስከ ውጭው በር ድረስ ሸኘኝ። ጋሼ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ሲመጣ አዩት። ቶሎ ወረዱ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ዞረው መጡና የኋላውን በር ከፍተው ቆሙልኝ። በልጅነቴ ቤታችን ሲመጡ ብድግ ብዬ ወንበር የምለቅላቸው ሰው በር ይዘውልኝ ቆሙ። ሰውየው እያየኝ ነው። ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ፍሪዌይ የሚሉት፣ መኪና መቆም የማይችልበት ፈጣን መንገድ ከገባን በኋላ በመስታወቱ አዩኝ።

«እህስ፣ ዋስ ጠየቁሽ?»

«አልጠየቁኝም ጋሼ።»

«ሥራውስ?»

«ሰኞ ጀምሪ ብለውኛል።»

መሪውን ለቀው ሊያጨበጭቡ ምንም አልቀራቸውም። ፈጣሪን አመሰገኑ፤ አባቴ ይህን ቢያይ ኖሮ አሉ፤ እትዬ ሲሰሙ እልልታቸውን እንዴት እንደሚያቀልጡት ነገሩኝ። ብዙ ካወሩ በኋላ ነው እንባዬን ልብ ያሉት።

«ምነው ልጄ? ሥራ ተገኝቶ ይለቀሳል እንዴ?»

«ፊት ልቀመጥ» አልኳቸው።

«ፍሪዌይ ላይ እኮ ነን፤ የት ላቁምልሽ?»

እስከ ቤት ድረስ ከኋላ ተቀምጬ ሄድኩ።