ከጀርባው የምጠራው ልጅ

ይህ ነገር የጀመረው ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ክረምት ላይ ነው። እስከ ዛሬ ከሆዴ ያልወጣው ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት ሐኪም በጠየቀችኝ ጥያቄ ምክንያት ነው።

እኔ ደብረ ኤልያስ ገበያ በርበሬ እሸጣለሁ። ታናሽ ወንድሜ ልየው ደግሞ ደብረ ወርቅ ዜማ ይማር ነበር። ድምፁን የሰማ ሁሉ «ይሄስ መሪጌታ ይወጣዋል» ይል ነበር። ኋላ ግን ዜማው ይሰበርበት ጀመር። የኔታ የሚሉትን አጥርቶ አይሰማም። ጓደኞቹ ቀንተው መተት አደረጉበት ተባለና ቤት መጣ። በየጠበሉ ይዤው ዞርኩ። ጆሮው ሳይመለስ ፊቱና እግሩ ያብጥ ጀመር፤ ሽንቱም ቀይ ሻይ መሰለ።

ያኔ ነው ደብረ ማርቆስ የወሰድኩት። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ሽንቱንና ደሙን ካስመረመረች በኋላ ስለ እብጠቱ ትነግረኛለች ስል «ከቤተሰባችሁ ጆሮው የሚከብደው ሌላ ሰው አለ?» አለችኝ።

በሆዴ «ይቺ ደግሞ! ሰው እያበጠ ስለ ጆሮ ታወራለች» አልኩ። ወዲያው ግን አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ትዝ አለኝ። በወጣትነቱ ጆሮው ጠፋ፤ ሚስት ሳያገባ አብጦ ሞተ። እኛ ቤት የመደንቆሩ ለብቻ፣ የመሞቱ ለብቻ ነበር የሚወራው። ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ያሰበ አልነበረም። እናቴም ብትሆን ጆሮዋ ይከብዳል፤ የእሷን ግን እርጅና ነው ብለን ትተነው ነበር።

ሐኪሟ ጉዳዩ መተት ሳይሆን በዘር የሚወርድ፣ ብዙ የማያጋጥም የኩላሊት በሽታ መሆኑን ነገረችኝ። ኩላሊትን ሲጎዳ ጆሮንም አብሮ ይጎዳል አለች።

«እንግዲያው ከእኔ ኩላሊት አንዱን አውጡና ስጡት» አልኳት። ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ሕክምና አገራችን ውስጥ አልነበረም። እሷ ግን የእኔንም ሽንት አስመረመረች፤ አብሮኝ የነበረውን የትንሹ ልጄን፣ የይታገሱንም። የሁለታችንም ሽንት ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም ተገኘ።

«እኔ? ኩንታል በርበሬ ሳነሳ የምውለው?» ብዬ ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። «በሽታው አንድ ነው እህቴ፤ አካሄዱ ግን እንደየሰው ነው። ወንዶቹ ላይ ይቸኩላል። ሴቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ አንዳንዷን ግን አይምርም» አለችኝ። ልጄን በየጊዜው እንዳስመረምር፣ ጆሮውንም እንድከታተል መከረችኝ።

ልየውን በዓመቱ ቀበርነው። መጨረሻ ላይ የሰው ከንፈር እያየ ነበር የሚያወራው። ካህናቱ የሸኙት በዚያው ሲማረው በኖረው ዜማ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይታገሱን ከጀርባው መጥራት ለመድኩ። ፊቱን አዙሮ ሲያጠና ወይም ጫማውን ሲያጥብ ቀስ ብዬ «ይታገሱ» እላለሁ። «አቤት» ሲለኝ ትንፋሼ ይመለሳል። «ምን ፈለግሽ?» ካለኝ «ምንም፣ እንዲያው ልጥራህ ብዬ ነው» እለዋለሁ። ኩላሊቱን የሚያግዝ ኪኒን ታዞለት ይወስዳል። ልየው መስማት ያቃተውን ዕድሜ አልፎታል፤ አሁንም ይሰማል። ተመስገን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ገብቼ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ በርበሬ ስቀነጥስ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። በድንጋጤ ዘልዬ ተነሣሁ። ይታገሱ ነው። ፊቱ ልክ አይደለም።

«ምነው ልጄ?»

«ጠራሁሽ እኮ እማ። ደጋግሜ ጠራሁሽ።»

ለካ እሱም ይጠራኛል! ለምን እንደምጠራው ገብቶት ኖሯል፤ እሱም ከጀርባዬ ሆኖ ቀስ እያለ ሲጠራኝ ከርሟል። እስከዚያ ቀን ድረስ «አቤት» እያልኩት ስለኖርኩ ነገሬ ብዬ አላውቅም።

«ሐሳብ ይዞኝ ነው» አልኩት። አላመነኝም። አጠገቤ ቁጭ ብሎ በርበሬውን አብሮኝ ይቀነጥስ ጀመር። ሲያወራኝ ግን ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ቃሉን ረገጥ እያደረገ ነበር።

ሰኞ ደብረ ማርቆስ እንሄዳለን። የአሁኑ ወረፋ የእኔ ነው። አላለቀስሽም ወይ ብትሉኝ አልቅሻለሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን እመብርሃንን ያመሰገንኩበትም ነገር አለ። በሽታው ከቤታችን ጆሮ መውሰዱ ካልቀረ የእኔን ይውሰድ። እሱ ብቻ ይስማልኝ እንጂ፣ እኔ ከንፈሩን እያየሁም ቢሆን «አቤት» እለዋለሁ።