ሟቹ ባሌ የኮበለለ ሰሞን

ጎረቤቴ ፖስተኛው ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሲያመላልስ አንዱንም አጮልቆ አላየም። ለዚህ ታማኝነቱ ጡረታ በወጣ በዓመቱ የሰፈራችን ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጉት። ያኔ ከጎረቤት አገር ጋር ዓይንና ናጫ ሆነን ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ በየሰኞው አንድ ቅጽ ላይ በሰፈሩ ያሉትን የጠላት ወዳጆች ስም መሙላት።

በመጀመሪያው ሰኞ «የሉም» ብሎ ጻፈ። የቀጠናው ሹም አስጠራው።

«ላይኛው ሰፈር አምስት አግኝቷል፤ ታችኛው ስድስት። የእናንተ ሰው ከመልአክ ነው የተወለደው? ሚስትህስ የማዶ ልጅ አይደለችም? ካጣህ ከቤትህ ጀምር።»

እውነት ነው፣ ሚስቱ የተወለደችው ከድንበር ማዶ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቷ አግብታው መጥታ፣ ዛሬ የገዛ ቋንቋችንን እኛኑ የምታርመን ሆናለች።

ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ መጥቶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ኮፍያውን ያሻል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብለምንሽ ትቆጪኛለሽ?»

«ተናገር እንጂ።»

«ባልሽን አውሺኝ።»

«ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ አይደል እንዴ?»

«ለዚያ እኮ ነው። ከእንግዲህ ማን ይነካዋል?»

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ከገበያው አልፎ የማያውቅ ሰው ነበር። «ጻፈው፤ እስቲ ትንሽ ይንቀሳቀስ» አልኩት። እንዲህ እያለ ከየቤቱ አስፈቅዶ ሰባት ሙታን መዘገበ። ሹሙ ደስ ብሎት፣ የፖስተኛውን ሚስት ማንም እንዳይነካት የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠው።

በሳምንቱ የሹሙ ሰዎች ሊይዟቸው መጡ። ሰባት ቤት ፈትሸው አንድም አላገኙ። መቃብር ቦታውን ያሰበ ስላልነበረ «ኮብልለዋል» ተባለ። ሬዲዮናችንም ጎረቤት አገር ሰባቱን ከሃዲዎች በአስቸኳይ እንድትመልስ ጠየቀ። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። ሳቃችን የቆመው በሦስተኛው ቀን የማዶው ሬዲዮ፣ «እንግዶቻችንን አሳልፈን አንሰጥም፤ ሰባቱም በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ» ሲል ነው። ባሌ በሕይወት እያለ እንኳ ጤና አልነበረውም።

ምክር ቤቱ ሁለት ቀን ተከራከረ። ገዢዎቹ ተቃዋሚዎቹን «አስመለጣችኋቸው» ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቹ ገዢዎቹን «ተኝታችሁ ነበር» አሏቸው። አምባሳደሮቹ ሻንጣቸውን ሸከፉ።

ከዚያ አዲስ ቅጽ መጣ፤ ኮብላዮቹን የረዳ አንድ ዘመድ ይመዝገብ፣ ካልተመዘገበ የፖስተኛው ሚስት ወረቀት ይሰረዛል የሚል። ፖስተኛው አመድ መስሎ እኔ ዘንድ መጣ።

«አሁን የሚፈልጉት በቁሙ ያለ ሰው ነው፣ እትዬ። ይሄንንስ አላደርገውም። እሷን ይዤ ልጥፋ።»

«ወዴት? ማዶ ስትደርስ ደግሞ አንተን ያስሩሃል። በል ቅጹን ወዲህ በለው።»

እስክሪብቶውን ተቀብዬ፣ በስልሳ ዓመቴ በተማርኩት ፊደል ስሜን ራሴ ጻፍኩ።

ሐሙስ ሁለት ወጣቶች ቦርሳ አንግተው መጡ።

«ባለቤትዎ ለመጨረሻ ጊዜ የጻፉልዎ መቼ ነው?»

«ልጄ፣ ባሌ ሞቷል። ራሴ ነኝ ያስቀበርኩት።»

እርስ በርስ ተያዩ። ትንሹ አዘነልኝ። «እማማ፣ ይሄ ጠላት የሚያስወራው ወሬ ነው። ሬዲዮ አይሰሙም?»

ከሰፈር እንዳልወጣ አስፈርመውኝ ሄዱ። ጉልበቴ ከከለከለኝ ቆይቶ ነበር።

ጦርነቱ ከአራት ወር በኋላ ተጀመረ። የፖስተኛው ሚስት ግን እዚሁ አለች። ጠዋት ጠዋት ሳታንኳኳ ገብታ የመድኃኒቴን ፍሬ ትቆጥራለች። የትናንቱን ሳልውጥ ካገኘችኝ ወገቧን ይዛ፣ «ቆይ፣ ባልሽ ሲመለስ ባልነግረው» ትለኛለች።