እልል ያልኩበት የልጄ ጽሑፍ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በ2014 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ እዚሁ ካምፓላ ውስጥ ነው። እስካሁን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። መሸሸጉ እየከበደኝ ሲመጣ ጊዜ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ከሙየንጋ ኮረብታ ግርጌ ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከአንዲት ልጄ ከብሌን ጋር እኖራለሁ። ብሌን ካምፓላ ያደገች የሕግ ተማሪ ናት፤ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይፈስላታል። የእኔ ግን የገበያ እንግሊዝኛ ነው። ቲማቲም ለመግዛትና ከቦዳ ሞተር ብስክሌት ነጂ ጋር ለመጨቃጨቅ ይበቃኛል፣ ከዚያ አያልፍም።

በዚያ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ስለ አድልዎና መገለል እየጻፉ የሚወዳደሩበት ዝግጅት ነበር። የተመረጡት ጽሑፎች በሲምፖዚየም ላይ ዳኞችና ጠበቆች በተገኙበት ይነበባሉ ተባለ። ብሌን ላፕቶፗ ላይ አጎንብሳ ስንት ሳምንት ከረመች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ "እማ፣ ተመርጫለሁ፤ ላነብ ነው" አለችኝ። ዘልዬ አቀፍኳት።

"ስለ ምንድን ነው የጻፍሽው?"

"ስለ እኛ ስለ ሐበሾች" አለችና ላፕቶፗን ከፈተች።

የቀረውን እኔ በገዛ ራሴ ሞላሁት። ቤት አከራዮች ፊታችንን አይተው ቤቱ ተይዟል የሚሉንን፣ መንገድ ላይ እያስቆሙ ፓስፖርት አምጡ የሚሉንን ጽፋለች ብዬ ደስ አለኝ። "ይበላቸው! ደግ አደረግሽ" አልኳት። ለደንበኞቼ ሁሉ አወራሁ።

ቀኑ ሲቃረብ ግን፣ "እማ፣ አንቺ ባትመጪ ይሻላል። ረጅም ነው፣ ይሰለችሻል" አለችኝ። በነጠላዬና በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አፈረችብኝ ማለት ነው አልኩ። ስለ መገለል የምትጽፍ ልጅ የገዛ እናቷን ታገልላለች? እልህ ያዘኝና ለመሄድ ቆረጥኩ።

አቶ መስፍን የሚባሉ የዘወትር ደንበኛ አሉኝ። ኮሎሎ ሰፈር ባለ አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠሩት። ይዘውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ። ለሠርግ የማስቀምጠውን ቀሚሴን ለብሼ ከፊት ወንበር ላይ ጉብ አልኩ።

ብሌን መድረክ ላይ ወጥታ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ። እኔም አገጬን ቀና አደረግሁ፤ ልክ ልኳን የነገርኳት መስሎኝ ነበር።

ማንበብ ጀመረች። ፈጣን ነው፣ የሕግ ቋንቋ ነው፤ ከአሥር ቃል አንዱን እንኳ አልያዝኩም። "ኢትዮጵያ" ሲባል ሰማሁ፣ "ኪችን" ሲባል ሰማሁ፣ "ኮሮና" ሲባል ሰማሁ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። አጠገቤ የተቀመጡት አንዲት ትልቅ ኡጋንዳዊት ዓይናቸውን በሶፍት ይጠርጋሉ።

ስትጨርስ አላስቻለኝም። ብድግ ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት። ሰዉ ደነገጠ። ከዚያ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ በራሳቸው አገር ዓይነት እልልታ ተከተሉኝ፣ ሌሎችም ተቀበሉ፣ አዳራሹ ሠርግ ቤት ሆነ። "ማይ ዶተር! ማይ ዶተር!" እያልኩ ደረቴን መታሁ። ብሌን መድረኩ ላይ ቆማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ደስታ ነው ብዬ ነበር።

በውድድሩ ሁለተኛ ወጣች። እሷ ከጓደኞቿ ጋር ስትቀር እኔ ከአቶ መስፍን ጋር ተመለስኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ቆሞ ሳለ ሰውየው ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት።

"ምን ነካዎት? ልጄ ሁለተኛ ወጥታ እንኳን ደስ አለዎት አይባልም?" አልኳቸው።

ከፊታቸው ያለውን ታክሲ እያዩ፣ "እትዬ አስካለ፣ ጽሑፉን ከራሷ አፍ ይስሙት" አሉ። ቀጥለውም፣ "እኔም አለሁበት" ብለው ጨመሩ።

ብሌን እንደመጣች ሶፋው ላይ አስቀምጬ በአማርኛ አንብቢልኝ አልኳት። "ይቅር፣ እማ" አለች። አለቀሰች። አልለቅሽም ስላት አንድ በአንድ እየተረጎመች አነበበችልኝ።

ስለ አከራዮች አንድ ቃል የለውም። ጽሑፉ ስለ ዘነበች ነበር።

ዘነበች ምግብ ቤቴ ውስጥ ሦስት ዓመት ወጥ ሠርታልኛለች። ደንበኛ የሚመጣው እሷ በሠራችው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ኮሮና ገብቶ ከተማው ሲዘጋ የምትሄድበት ስላልነበራት ከእኛ ጋር ቤት ውስጥ ተቀመጠች። በዚያ ሰሞን አቶ መስፍን ምግብ ሊወስዱ ብቅ ሲሉ፣ "ይቺ ልጅ የእነማን ልጅ እንደሆነች ጠይቀዋል? አባቷ እኮ ቀጥቃጭ፣ እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። አገራቸውን አውቀዋለሁ" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። መጨመርም አያስፈልግም፤ እንደነዚህ ያሉትን ባለሙያዎች ሰው "ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ይበላሉ" እያለ አብሯቸው እንደማይበላ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ ቡዳ የሚባለውን በወሬ ብቻ የማውቅ ሴት ነኝ። ቢሆንም በማግሥቱ ለዘነበች ቢጫ የፕላስቲክ ኩባያና ሳህን ለየሁላት። "ለኮሮና ነው፣ አይክፋሽ" አልኳት። "እሺ እትዬ" ብላ ተቀበለች።

ብሌን ይህን ሁሉ ስታይ ኖራለች። "በአንድ ቤት ሦስት ሴቶች ነበሩ" ይላል ጽሑፉ። "ሁለቱ በአንድ ኩባያ ይጠጡ ነበር። በሽታው የሚተላለፈው ከሦስተኛዋ ብቻ ይመስል ነበር።" የእኔን ስም አልጠራችም። እናቴ ናትም አላለችም። "የቤቱ እመቤት ደግ ሴት ናት፣ እሑድ እሑድ ችግረኛ ታበላለች" ብላ ጽፋለች። ከሁሉ ያቃጠለኝ ይህ ነው። ምናለ ክፉ ናት ብትል!

መንገድ እንደተከፈተ ዘነበች ጓዟን ጠቅልላ ጁባ ሄደች። ያኔ እኔ ለሰው ሁሉ፣ "ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ" እያልኩ አማኋት። ለመሆኑ መቼ ነው ያጎረስኳት?

ብሌን አንብባ ስትጨርስ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ተናገረች። "ያን ያህል አስቀይመናታል፣ እማ። ያን ሰሞን ታምሜ ስተኛ እንኳ አንድ ቀን መጥታ አላየችኝም። እኔ ደግሞ በጣም እወዳት ነበር።"

ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁም። ብሌን በዚያ የመዘጋት ሰሞን በትኩሳት ተቃጥላ ነበር፤ ትቃዥ ስለነበር አታስታውስም። ከሰዓት በኋላ ዘነበች ትኩስ አጥሚት ይዛ መጣች። ያንን ቢጫ ኩባያ ጥላ፣ በእኛ ብርጭቆ ነበር የቀዳችው። የብሌን ክፍል በር ላይ ቆሜ መንገድ ዘጋሁባት። "ልጄን እንዳታዪያት" አልኳት። በዚያ አላበቃሁም። እጆቼን አጣምሬ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ "ዘነበች፣ ልጄን ልቀቂልኝ" አልኳት። ይህ ቡዳ በላው ለተባለ ሰው ተብሎ የሚለመን ልመና ነው። ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ አጥሚቱን ዓይኗ እያየ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት።

በማግሥቱ ልጄን አስመረመርኳት። ወባ ነበር። ክኒን ወስዳ በሦስት ቀን ተነሳች። ዘነበችን ግን ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ኩባያውንም አላነሳሁም።

ከሲምፖዚየሙ በኋላ ስልኳን ማፈላለግ ጀመርኩ። የድሮው አይሠራም። አቶ መስፍን አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻቸው ደውለው፣ ከእነሱም የእሷ ቤተሰብ ዘንድ ሰው ተልኮ፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ የጁባ ቁጥሯ ተገኘ። እሳቸውም ራሳቸው ሊደውሉላት ፈልገው ነበር፤ እስካሁን አልደወሉም።

"እትዬ አስካለ ነኝ" ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ልጄ ነው። "ብሌንዬ ደህና ናት?" አለች።

"ደህና ናት። ስለ አንቺ ጽፋ ተሸለመች" አልኳት።

የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

"በሩ ላይ ያሉኝንም ጻፈችው?" አለች።

"እሱን አታውቅም። አልነገርኳትም። ጭራሽ ልትጠይቀኝ አልመጣችም ብላ ነው የምታስበው።"

ከዚያ፣ "እንግዲያው አይንገሯት፣ እትዬ" አለችኝ። "እናቷ ነዎት። እኔን ብትቀየመኝ ይሻላል፤ እኔ ሩቅ ነኝ።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ይቅር በዪኝ፣ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ አልኳት።

"ኩባያውን ትቼዋለሁ፣ እትዬ" አለች። "ኩባያ ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ። አገሬም እንደዚያው ነበር። ያንን ቃል ግን ከእርስዎ አልጠበቅኩም፤ ገና ከሆዴ አልወጣም። ሲወጣልኝ እደውላለሁ።"

እስከ ዛሬ አልደወለችም። እኔም እንደገና ለመደወል ድፍረት አጣሁ። ስልኬ ላይ የጁባ ቁጥር የሚመስል ሲመጣ ሮጬ አነሳዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የቅመም ነጋዴ ነው። ሰው ሁሉ የልጄን ሽልማት እያነሳ እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ያ እልልታዬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አይንገሯት ብላኛለች፤ ቃሏን ልጠብቅ ብዬ ብዙ ታገልኩ። ግን ያለ ጥፋቷ ስንት ነገር ተሸክማ የኖረች ሴት፣ የእኔንም ጥፋት ልጄ ፊት ተሸክማልኝ እስከ መቼ ትኑር? በአፌ ልናገረው ብሞክር ሦስት ጊዜ ከክፍሏ በር ተመለስኩ። ብሌን አማርኛ የምታነበው ፊደል በፊደል፣ በጣቷ እየተከተለች ነው። ቀስ ብላ ታንብበው።

ብሌንዬ፣ ዘነበች ልትጠይቅሽ መጥታ ነበር። በር ላይ የመለስኳት እኔ ነኝ።