የተሰነጠቀ ወገብና የተጎተተ እግር

መጀመሪያ ያመመኝ የበረዶ ጫማዬን አስሬ ቀና ስል ነው። ከቀበቶዬ በታች፣ በግራ በኩል፣ ጠቅ አደረገኝ። ዘመኑ የዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ከተማው ከዴንቨር አጠገብ ያለው ኦሮራ፣ ዕድሜዬ አሥራ ሦስት ነበር። በሙዚቃ እየተሽከረከሩ በረዶ ላይ መንሸራተትን የሚያህል የምወደው ነገር አልነበረኝም።

አሰልጣኜ ሰውነቴን ሳላሟሙቅ አንድ እግሬን ከኋላ ይዛ እስከ ጭንቅላቴ ትስበዋለች። "አመመኝ" ስላት "ሰነፍ ስለሆንሽ ነው" ትለኛለች። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ለእናቴ እንዳልነግራት፣ እሷው ራሷ ገና በመጀመሪያው ቀን ለአሰልጣኜ "ከእንግዲህ ልጅሽ ናት፣ እንዳትምሪያት በያት" ብላ እኔኑ አስተርጉማ አስረክባኛለች። እኛ ዘንድ ይህ ለአስተማሪ የሚሰጥ ክብር ነው። ሴትዮዋ ግን እንደ ፈቃድ ወሰደችው።

አንድ ቀን እንደ ልማዷ እግሬን ሳበችው። ወገቤ ቀጭ አለ። ወደቅኩ። መነሣት አቃተኝ። "ድራማ አትሥሪ" አለችኝ።

እናቴ ዴንቨር ሆስፒታል ወሰደችኝ፤ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን እያሳየን "ስፖንዲሎላይሲስ ይባላል። የታችኛው አከርካሪዋ ተሰንጥቋል" አለ። ተረጎምኩላት። አየር ማረፊያ የሰው ዊልቸር ስትገፋ የምትውለው እናቴ "ትራመዳለች ወይ?" ብቻ አለች።

"ትራመዳለች። መንሸራተቷን ግን አጥንቱ ሲድን እናየዋለን።"

ለወራት ከደረቴ እስከ ዳሌዬ ብሬስ በሚባል ጠንካራ የጀርባ መደገፊያ ታስሬ ከረምኩ። ከዚያ በኋላ የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት አስቀድማ የሆዴንና የመቀመጫዬን ጡንቻ አጠነከረችልኝ፤ ቀጥላም ሰውነቴ ከሞቀ በኋላ ብቻ፣ ሳልቸኩል፣ ትንፋሼን ሳልይዝ ዳሌዬንና ትከሻዬን እንዳፍታታ እያስተማረችኝ፣ ወደ ኋላ መቀልበስ ከወገብ ብቻ ሳይሆን ከትከሻና ከላይኛው ጀርባም መምጣት እንዳለበት አሳየችኝ። አሰልጣኝ ነኝ የምትል ሰው ይህን እንዴት አታውቅም?

ሐኪሙ ሲፈቅድልኝ ወደ በረዶው ተመለስኩ። አሰልጣኜ ሰላም እንኳ ሳትለኝ ያንኑ እግሬን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ያን ቀን አብራኝ መጥታ ዳር ላይ የተቀመጠችው እናቴ ተነሥታ መሃላችን ገባች። አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

"ኖ!" አለቻት። በዚያው ቀን አሰልጣኝ ቀየርን።

ሐኪሜን፣ ፊዚዮቴራፒስቷን፣ ከሁሉም በላይ እናቴን አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁን በረዶ ላይ የምታሰለጥኑ ወላጆች፣ አስተማሪን አክብሩ፤ ልጃችሁ "አመመኝ" ካለች ግን ልምምዱ እዚያው ይቁም። ሕመሙ ከሰነበተ ሐኪም ይያት። እኔ ዛሬም እንሸራተታለሁ። እግሬ ከጭንቅላቴ በላይ አይወጣም። አይውጣ!