የአልጣሽ ኦቨንና የደጋ ውሃ

አልጣሽ ግትር ናት። ጎረቤቷ ስለሆንኩ አውቃለሁ። እኔ ላሊበላ ላይ ነጠላ እሸጣለሁ፤ እሷ እቤቷ ዳቦ እየጋገረች ለጋሽ ወርቅአገኘሁ የእንግዳ ማረፊያ ታቀርባለች። ቆቦ ተድራ ነበር፤ ባሏ ሲሞትባት ፍላቂት ወንድሟ ቤት ተጠጋች። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። ሚስቱ ግን ማዕድ ባቀረበች ቁጥር አልጣሽ አንገቷን ትደፋ ነበር። የሰው ፊት እሳት ነው። ያላትን ሸጣ ኦቨን ገዛችና መጥታ አጠገቤ ተከራየች፤ ሁለተኛ ተመልሼ ጥገኛ አልሆንም ብላም ማለች።

ታዲያ ገና ሲቃረብ፣ ምእመኑ ከየአገሩ መጉረፍ ሲጀምር፣ ዳቦዋ ላዩ እየከሰለ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ይወጣ ጀመር። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ደጋግመው ታገሡ። በመጨረሻ፣ የቅዳሜው ዳቦ እንዲህ ከሆነ ከወልድያ እንደሚያስመጡ ነገሯት። አይፈረድባቸውም፤ እንግዳ ከሰል አይበላም።

የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ማሽኑ አርጅቷል፣ ጣይው አላት። እሷ ግን ቁጥሩን ጠረጠረች። ኦቨኑ ፊት ለፊት ውስጡ ምን ያህል እንደሞቀ በቀይ ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ ገና ነው ሲል ዳቦው ይከስላል። ሚሌ ላይ የማሽን ዕቃ ለምትሸጠው ለፈይሩዝ ደወለች። ፈይሩዝም ሙቀት የምትለካዋን ዘንግ ከጀርባው አውጥተሽ የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሪያት፤ ወደ መቶ ካልተጠጋች ተበላሽታለች አለቻት። አልጣሽ ሶኬቱን ነቀለች፤ የጀርባውን ቆርቆሮ በቢላ ጫፍ ፈትታ ዘንጓን ከነሽቦዋ ጎተተቻት። ከዚያ ማሞቂያውን ዘግታ፣ ሶኬቱን መልሳ ሰክታ ቁጥሩን ብቻ አበራችና ነከረቻት። ስድሳ አለች። በቃ፣ ሌባዋ ተያዘች።

አዲሷ ዘንግ ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ ደረሰች። ፈይሩዝ ከመላኳ በፊት ሚሌ ላይ ነክራት ዘጠና ስምንት ብላላት ነበር። እኛ ጋ ስትነከር ዘጠና አንድ ላይ ቆመች፤ ውሃው ደግሞ ይንተከተካል! ፈይሩዝ ይህን ስትሰማ መንገድ ላይ ተመትታ ይሆናል፣ አብሽሪ፣ ማክሰኞ ሌላ እልክልሻለሁ አለች። ወይ ማክሰኞ! ቅዳሜ ነገ አይደለም እንዴ? እኔ በንዴት ጦፍኩ፤ ይሄን ቆርቆሮ ተዪውና ለወንድምሽ ደውዪ አልኳት።

አልጣሽ የሚፈላውን ውሃ ስታይ ቆየችና ስለ ሽምብራ ታወራኝ ጀመር።

"ቆቦ እያለሁ ሽምብራ ወዲያው ይበስልልኝ ነበር። ፍላቂት ስመለስ አልበስል ብሎኝ የወንድሜ ሚስት ማገዶ ጨረስሽ ብላ ስንቴ ተቆጥታኛለች። ሽምብራው ያው ነው። የደጋ ውሃ ይፈላል እንጂ እንደ ቆላው አይሞቅም ማለት ነው። ሚሌም እንደ ቆቦ ቆላ ነው፤ መለኪያዋ ልክ ብትሆንስ?"

ብትሆንስ ብሎ ዳቦ አይጋገርም። ዘንጓን አቀዝቅዛ ጠረገችና ብብቷ ውስጥ ሸጎጠቻት። በቃ አበደች አልኩ። እሷ እቴ፣ ከነሽቦው ኦቨን ታቅፋ ቁጥሩን ታያለች። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣና ሠላሳ ስድስት ላይ ቆመ። ጤና ጣቢያ ትኩሳት የሌለበትን ሰው ሲለኩ እንደሚሉት ማለት ነው። የሰው ገላ ደግሞ ደጋም ቆላም አንድ ነው። አሮጌዋን መልሳ ብትሞክራት ሃያ አለች።

"በዚችማ ሬሳ ነኝ" ብላ ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ መሳቋ ነው፤ እኔም ደስ አለኝ።

አዲሷን ገጠመች፣ ጀርባውን ዘጋች፣ ሊጧን አቦካች። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ወርቅአገኘሁ አንዱን ዳቦ ቆርሰው መሃሉን አዩት፤ ቆመው ጨረሱት። ለገና እጥፍ አድርጊልኝ አሏት።

ያን ዕለት ወንድሟ ደወለ። መቸገሯን ከሰው ሰምቶ ክፍሏን አስጠርጎ ኖሯል። አልጣሽ እጇ ዱቄት ስለሆነ ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዝኩላት እኔ ነኝ።

"ወንድምዓለም፣ ለጥምቀት እመጣለሁ" አለችው። "ለሚስትህ ንገርልኝ፣ ዳቦ እንዳትጋግር። ዳቦው ከእኔ ነው።"