ውሃው የሚለያይበትን ቦታ ያሳዩን ቲቸር

አላመንኩም። ይህን እየጻፍኩም አላመንኩም።

አባቴ ዛሬ ጠዋት ከሆሳዕና ደወለ። በዚህ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም። ስልኩ ሲጠራ ሳላነሳ ትንሽ አየሁት። ካነሳሁት የሆነ ነገር እውነት የሚሆን መሰለኝ።

«ቲቸርሽ ወደ ጌታ ሄደች» አለኝ።

የትኛዋ ብዬ አልጠየቅኩም። እኔና አባቴ ቲቸር የምንለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቲቸር ታደለች ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምረውኛል። ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ካልተናገርኩ ቀኑን ሙሉ ዝም እላለሁ፤ ዝምታ ደግሞ ድሮም ይቀናኛል።

ያኔ ክፍል ውስጥ አልናገርም ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ፣ ቤታችን በሃዲይኛ። አፌን ስከፍት ሦስቱ ይጋጩብኛል። አንዴ ተሳስቼ ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እጄን ማውጣት ተውኩ። ውጤቴ ወረደ። አባቴም ቁርጡን ነገረኝ፤ በዚያው ከቀጠልኩ ትምህርቱ ይቀራል፣ ጊምቢቹ ከተማ አክስቴ ሱቅ ገብቼ እሠራለሁ።

አክስቴን እወዳታለሁ። ግን ማታ ስተኛ ያን ሱቅ አስባለሁ። ባንኮኒው። ከባንኮኒው ኋላ ዝም ብዬ የቆምኩት እኔ።

አንድ ቀን ቲቸር «ነገ የምንማረው ውጪ ነው፤ ኮረብታው ላይ» አሉን።

በእኛ ትምህርት ቤት ከክፍል መውጣት ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ቅጣት ነው፤ ፀሐይ ላይ መንበርከክ። ሌላው ልማት ነው፤ እርከን፣ ችግኝ፣ ጽዳት። ስለዚህ በማግስቱ ሁላችንም ዶማና አካፋ ተሸክመን መጣን። አንዷ ጓደኛዬ የእናቷን ማጭድ ሳይቀር ይዛለች።

ቲቸር አዩን። ለረጅም ጊዜ ሳቁ።

«ማንን ልትቀብሩ ነው?»

«ልማት መስሎን ነው ቲቸር።»

«በሉ ያዙት። ተሸክማችሁት መጥታችኋል፣ ምን ይደረግ።»

ወጣን። አናቱ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። መሮጥ የፈለገ ነበር። እሳቸው ጥላቸውን አጥፈው ቆሙ። እኛም ቆምን።

እግራችን ሥር ውሃ ተጠራቀመ። ትንሽ ኩሬ፣ ከትሪ የማትበልጥ። ሞልታ ወደ ምሥራቅ መፍሰስ ጀመረች።

«ይሄ ወደ ቢላቴ ነው የሚወርደው። ከዚያ አባያ ሐይቅ» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ዶማሽን አምጪ። በዚህ በኩል ጫር አድርጊው።»

ጫርኩት። አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ውሃው ቆመ፣ ያመነታ መሰለኝ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ዞረ።

«አሁን ደግሞ ጊቤ ይገባል። ከጊቤ ኦሞ። ከኦሞ ቱርካና።»

ስንት ጊዜ ያለፍኩበት ኮረብታ ነው። እንጨት ለቅሜበታለሁ፤ ተጣልቼበታለሁ። የቢላቴና የጊቤ ስም ለእኔ ፈተና ላይ የሚከበብ መልስ ነበር። ያን ቀን መሬቱ ከሥሬ ሲሰፋ ተሰማኝ። ፈራሁም። ዶማው እጄ ላይ ከበደኝ።

ከዚያ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ነበር።

«ቲቸር፣ እኛ መሃል ላይ ነን ማለት ነው?»

አነጋገሬ ላይ የሳቀ የለም። ሁሉም ወደ ታች፣ ወደ ውሃው እያየ ነበር።

ውጪ መማር ይጠቅማል ሲባል ብዙ ምክንያት ይቆጠራል፤ ጤና፣ ንጹሕ አየር፣ ጓደኝነት። አልክድም። እኔ የማውቀው ግን ይህን ነው። ክፍል ውስጥ ሁሉም የሚያየው የሚናገረውን ልጅ ነው። ውጪ የሚታየው ነገሩ ነው። ለፈራ ሰው በዚህ ውስጥ ማምለጫ አለ።

ወላጆች ግን አልወደዱትም። ልጆቻችን በስብሰው መጡ፣ ፈተና ደርሷል ተባለና ስብሰባ ተጠራ። መጀመሪያ የተነሳው የእኔ አባት ነው።

«እኔ ልጄን የላክኋት ክፍል እንድትቀመጥ ነው። ጭቃ ከሆነማ ጓሮዬ ሞልቷል።»

ሰው ሳቀ። ቲቸርም ሳቁ።

«እውነትዎን ነው አባባ። ምን እንደተማረች ግን እኔን አይጠይቁኝ። ይኸው እዚህ አለች።»

ተነሳሁ። በአማርኛ ጀመርኩ፤ ሲጠፋብኝ በሃዲይኛ ቀጠልኩ፤ ተመለስኩ። ስለ ኩሬዋ፣ ስለ ዶማው፣ ስለ ሁለቱ ወንዞች ተናገርኩ። አባቴ አፍ አፌን ያይ ነበር፤ ስናገር አይቶኝ የማያውቅ ይመስል።



«የእኛ ጣሪያስ?» አለ ስጨርስ። «የእኛ ጣሪያ ውሃ በየት በኩል ነው የሚሄደው?»

ቲቸርን አየኋቸው። ለጥያቄ ሁሉ የሚመልሷትን መለሱ።

«እስኪ ወጥታችሁ እዩታ።»

አባቴ ተቀመጠ። ሲዘንብ ግን ሱሪውን ጠቅልሎ ጠራኝ። ከጣሪያችን ጠብታ ተነስተን፣ በእንሰቱ ሥር፣ በቦዩ፣ በመንገዱ ዳር ውሃውን ተከተልን። ጎረቤታችን ከበሯ ሆና «ምን ጠፋባችሁ?» አለች።

«ውሃችን» አላት አባቴ።

ወደ ቢላቴ ነበር። ከሰፈራችን ድልድይ በታች መሬቱ ሲያዘነብል አይተን አወቅን። አባቴ እዚያው ዝናብ ላይ ቆሞ ቀረ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲደነቅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። የጊምቢቹን ነገር ሁለተኛ አላነሳም። እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ።

ቲቸር፣ ነገ ቀብርዎ ላይ ከተማሪዎችዎ ወገን እንድናገር አባቴ ቃል ገብቶብኛል። ሳይጠይቀኝ። ድምፄ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ፤ ቃልም ይጠፋብኛል። ሲጠፋብኝ በሃዲይኛ እቀጥላለሁ። መቀመጥ ግን አልቀመጥም።

በሰላም ይረፉ፣ ቲቸሬ።