ደሙ ያልታወቀበት ሰፈር

ዓባይን ልትሻገሩ ለምታስቡና ተሻግራችሁ እንደ እኔ ግራ ለገባችሁ ሁሉ ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዳለሁ። የጀመረው ከቢቸና ልወጣ በተዘጋጀሁበት ምሽት ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ደጀን በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ቦታ ይዤ ነበር። ባለቤቴ ትርንጎ በሶውንና ቋንጣውን ቋጥራ ስትጨርስ አባቷ ግራዝማች ተሰማ አስጠሩኝ። ግራዝማች የአጥቢያ ዳኛ ናቸው፤ በቤታቸውም ሲናገሩ ችሎት ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። እኔና ትርንጎ ከተጋባን ገና ስድስት ወራችን ነበር።

«ነገ ይዘሃት አትሄድም» አሉኝ። «መጀመሪያ ሂድና ቤት ያዝ። ጎረቤትህን እወቅ። ከዚያ ጻፍልኝ፤ እኔው ራሴ እስከ ደጀን አደርሳታለሁ።»

ለፋሲካ ተስማማን። ትርንጎ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ስገባ የበሶውን ቋጠሮ እንደገና ፈትታ ስታስር አገኘኋት፤ ፊቷን ግን አላዞረችልኝም።

በእኛ ዘንድ ተሰደደ የሚባለው ባሕር ያቋረጠ ሳይሆን ዓባይን የተሻገረ ነው። በረሃውን ስንወርድ ሙቀቱ ጋቢዬን አስወለቀኝ፤ ወዲያ ማዶ የፍልቅልቅን ዳገት ስንወጣ ደግሞ ብርዱ መልሶ አስለበሰኝ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት ድልድዩ ላይ ስንደርስ አማተቡና «ይኸው፣ አሁን እንግዳ ሆንን» አሉ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ የአስተማሪነት ምድብ ደብዳቤዬ በኪሴ፣ አዲስ ጫማዬ በእግሬ ነበርና የሳቸው ቃል ለእኔ የተነገረ አልመሰለኝም።

የተመደብኩት ኮልፌ ነው። ኮልፌን ለማታውቁት፦ ከተማው ወደ ምዕራብ ሄዶ ሄዶ ባሕር ዛፍ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ነው። ብርዱ የጮቄን ተራራ ግርጌ ያስታውሳል፤ ጭቃው ግን የእኛን ጭቃ ያስመርቃል። እኛ ሰላምታ ስንጀምር ከብቱም ሰብሉም ይጠየቃል። እዚህ ሰው «ደህና?» ብሎ ሳይቆም ያልፋል፤ መልሱ ከኋላው ይከተለዋል። ቆጮ በመጀመሪያው ቀን ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ በወሩ ግን ከጎመኑ ጋር ራሴው እየጠየቅሁ እበላ ነበር።

ያበላኝ የቤት አከራዬ የአቶ ወልዴ ቤት ነው። አቶ ወልዴ ከጉራጌ አገር ገና በልጅነታቸው የመጡ፣ መርካቶ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡ ሰው ናቸው። ቤቱን ከመስጠታቸው በፊት መረመሩኝ። እጠጣ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አልጠጣም አልኩ። እንግዳ አበዛ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ማንንም አላውቅም አልኩ። «የማትጠጣ፣ እንግዳ የሌለህ» አሉ አቶ ወልዴ፣ ቁልፉን እንደያዙ፤ «ታዲያ ቤት ለምን ፈለግህ? ትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበር የለውም?» ሚስቴ ለፋሲካ እንደምትመጣ ስነግራቸው ቁልፉን ሰጡኝ፤ በሳምንቱም ግድግዳውን ነጭ ቀለም አስቀቡልኝ።

ከጥምቀት በኋላ በሳምንቱ፣ በሰፈሩ ወንዝ ላይ ካለው የእንጨት ድልድይ አጠገብ አንድ ሸማኔ በስለት ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። ከገበያ ሲመለስ ነው አሉ። የሸጠው የጋቢ ብር ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነበር፤ ሰዉን ያስፈራውም ይኸው ነው። ብሩ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ የገደለው ሌባ ነው ተብሎ ይለቀስና ያበቃ ነበር። ብሩ ስለተገኘ ግን ምክንያቱን ሁሉም በየቤቱ ፈጠረ። ገሚሱ የቆየ ደም ነው አለ፣ ገሚሱ በሌላ ሰው ፈንታ ተሳስተው ነው የገደሉት አለ።

ከዚያ ያየሁትን በዓይኔ ስላየሁት እመሰክራለሁ። ድልድዩ አልተነቀነቀም፣ ወንዙም አልሞላም፤ ሰፈሩ ግን ተለወጠ። የማታ ትምህርት የሚማሩልኝ ጎልማሶች አንድ በአንድ ቀሩ፤ መጨረሻ ላይ የቀሩልኝ ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ሁለት ወንድማማቾች ብቻ ናቸው። ሰይቼንቶ የሚባሉት የትንንሾቹ ታክሲዎች ሹፌሮች ከድልድዩ ወዲህ ማውረድ ጀመሩ። አንዱን ምን ያስፈራሃል ብዬ ብጠይቀው ድልድዩን በእጁ አሳየኝና፣ «እኔ አልፈራም፣ መኪናዋ ናት የምትፈራው» አለኝ። አራዳ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት ጠዋት «ዛሬም አለህ?» ብሎ ሰላም ይለኝ ነበር። መጀመሪያ አብሬው ሳቅሁ። በኋላ ማታ በሬን ከዘጋሁ በኋላ ተመልሼ መዝጋቴን እንደማረጋግጥ አስተዋልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ሳቁ ቀረ።

አቶ ወልዴን ያበሳጫቸው ሌላ ነው። ሌላውን የሚከራይ ሁለት ክፍል ቤታቸውን ለማየት የመጡ ሰዎች የሰፈሩን ስም ሲሰሙ ከበር ተመለሱ። «ሰውየው አንድ ጊዜ ሞተ፣ ነፍሱን ይማር» አሉኝ፤ «ሰፈሩን ግን በየቀኑ እየገደሉት ነው። እሱን ማን ይቀብረዋል?»

እኔ መፍትሔ አለኝ ብዬ አሰብኩ። እኛ አገር ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ ዳኛው አውጫጭኝ ይጠራል። የአጥቢያው ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፣ ይማላል፤ የገዳዩ ስም እስኪወጣ ድረስ ወደ እርሻውም ወደ ቤቱም የሚሄድ የለም። ቀን ይፈጃል፣ ሳምንትም ይፈጃል። ስሙ ሲወጣ ግን ፍርሃቱ አንድ ሰው ላይ ብቻ ያርፋል፤ የቀረው ሕዝብ ንጹሕ ሆኖ ይበተናል። ይህንን በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ከነጥቅሙ አስረዳሁ።

አንድ አዛውንት በትሕትና፣ «ልጄ፣ ማንን ከማን ጋር ልታስቀምጥ ነው? እኔ ከጀርባዬ ባለው ቤት የሚኖረውን ሰውዬ አገሩን አላውቅም» አሉኝ። አቶ ወልዴም «እዚህ አውጫጭኝ ከተቀመጥን መርካቶ ለዓመት ይዘጋል» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። ስብሰባው በዚያ ተበተነ። ያላሰብኩት የመጣው በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ከእሱ በኋላ ወደ ሰፈሩ የመጣውን ይጠረጥር ነበር፤ ከሁሉ በኋላ የመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። በማግስቱ የእድሩ ዘበኛ ከትምህርት ቤት ስመለስ አስቆመኝና በየት በኩል እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ዘበኛውን ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቢቸና እንዳይደርስ ፈራሁና ለግራዝማች ደብዳቤ ጻፍኩ። ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት እውነቱን የሰማ ሰው አይደነግጥም ብዬ ስላመንኩ በተራ በተራ አስቀመጥኩት። የሞተው አንድ ሰው ነው። የሞተበት ቦታ ከቤቴ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተነካም። ርቀቱን እንዲረዱት ብዬ ካርታ ሣልኩላቸው፤ ቤቴን በክብ፣ ድልድዩን በመስቀል አመለከትኩ። ግርጌው ላይ ደግሞ፣ ምንም ላለመደበቅ ያህል፣ «እዚህ አውጫጭኝ አይደረግም» ብዬ ጨመርኩ።

እስከ ዛሬ ባለው የሰባት ዓመት የአስተማሪነት ዘመኔ የሠራሁት ትልቁ ስሕተት ያ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ እንዴት እንደሚነበብ ረስቼ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግራዝማች ደጅ ሰው ተሰብስቦ ነው የተነበበው። ካርታው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ወረቀት ላይ ክቡና መስቀሉ መካከል የአንድ ጣት ወርድ ብቻ ነበርና ሰዉ ሬሳው ደጄ ላይ እንደወደቀ ቆጠረው። ግራዝማችን ግን የያዛቸው የግርጌው መስመር ነው። መልሳቸው አጭር ነበር። በዲያቆኑ እጅ አስጽፈው እንዲህ አሉ፦ ሰው በየአገሩ ይሞታል፤ በዚህ ልጄን አልከለክልህም። ደሙ የማን እንደሆነ ባልታወቀበት ግን ገዳዩ ማለት ሁሉም ነው። ከሁሉም ጋር ልጄን አላጎራብትም። ገዳዩ የታወቀ ዕለት ንገረኝ።

እንግዲህ ማወቅ ነበረብኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ጸሐፊው ቀና ሳይል፣

«ሟች ዘመድህ ነው?» አለኝ።

«አይደለም።»

«ገዳዩ ዘመድህ ነው?»

«ገዳዩማ ገና አልታወቀም።»

«ታዲያ ዘመድህ አለመሆኑን በምን አወቅህ?»

ባለቤቴ ለፋሲካ ልትመጣ መሆኑን፣ አባቷም ገዳዩ ካልታወቀ እንደማይልኳት ገለጽኩለት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። «ባለቤትህ ሟቹን በምን ታውቀዋለች?» አለ። እንደማታውቀው አስረዳሁ። ማመልከቻ ጻፍ፣ ቴምብር ለጥፍበት አለኝ። ጻፍኩ። አንብቦ ጽሕፈቴን አደነቀና ሌሎች አራት ባለጉዳዮች ጠርቶ የእነሱንም እንድጽፍ አዘዘኝ። ስጨርስ ቀኑ መሽቷል። ስወጣ ያንን የጥር ማታ የት እንዳመሸሁ በወረቀት አስፍሬ እንድመጣ ነገረኝ። የማመልከቻው መልስ እስካሁን አልደረሰኝም።

በሁዳዴ አጋማሽ ለትርንጎ በደብዳቤ ቀጠሮ ሰጥቼ፣ በገበያ ቀን ቢቸና ቴሌ እንድትጠብቀኝ አደረግሁ። እኔም ከተማ ቴሌ ሄጄ ጠዋቱን ሙሉ ወረፋ ጠበቅሁ። የቴሌዋ ልጅ «ቢቸና፣ ሦስት ቁጥር» ብላ ጮኸች፤ ሦስተኛው የስልክ ክፍል ገባሁ። የትርንጎን ድምፅ በስልክ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የሌላ ሰው፣ የትንሽ ልጅ መሰለኝ።

«አንተ ነህ?» አለች። እኔ ነኝ አልኩ። ብርዱን ጠየቀችኝ፣ ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ሽሮ ፈጭታ እንዳዘጋጀች ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባባ አጠገቤ ናቸው። ሰውየው ተያዘ?»

እዚህ ላይ ያደረግሁትን አልደብቅም። ዕድሜዬን በሙሉ ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስ የምሰጥ ሰው፣ ያን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ መለስኩ።

«ተይዟል።»

ስትነግራቸው ሰማሁ። ከኋላዋ ሰዎች እልል አሉ፤ ብቻዋን አልመጣችም ማለት ነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈና የግራዝማች ድምፅ መጣ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «ለበዓሉ ትደርሳለች። በል ስሙን ንገረኝ።»

«የማንን ስም ጌታዬ?»

«የገዳዩን ነዋ። ስሙን ለአገሩ ሰው ልናገር፣ ልጅዎን በምን አምነው ላኳት ሲሉኝ መልስ ይኑረኝ። ማን ይባላል?»

የማውቀው ስም ብዙ ነው። የተማሪዎቼ ስም አለ። የእድሩ መዝገብ በእኔ እጅ ነው የሚጻፈው፤ ከላይ እስከ ታች በቃሌ እወጣዋለሁ። እያንዳንዱን ስም ሳነሳው ከሥሩ የሰው ፊት አብሮ ይነሳብኛል። የሌለ ስም ልፍጠር አልኩ፤ የፈጠርኩት ሁሉ አንድ ቦታ ባለቤት ያለው መሰለኝ። ግራዝማች ደግሞ የነገርኳቸውን ስም ቢቸና ገበያ ላይ ቆመው እንደሚናገሩት አውቃለሁ፤ ከቢቸና እኛ ሰፈር የሚመላለሰውም ሰው ጥቂት አይደለም።

የቴሌዋ ልጅ በሩን ከፍታ አንድ ደቂቃ እንደቀረኝ በጣቷ አሳየችኝ። ግራዝማች ይጠብቃሉ፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከሳቸው ወዲያ፣ ከሩቅ፣ የትርንጎ ድምፅ መጣ።

«ንገራቸው እንጂ» ትላለች። «ስም እኮ ነው።»